እጅ ሲደነዝዝ “ሥራህ ምንድን ነው?” ተብሎ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁን ዘወትር አነባለሁ። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኩላሊት ብዙ ተምሬበታለሁ። ስለ እጅ መደንዘዝ ግን ተጽፎ አላየሁም። እኔ በምሠራበት ዘርፍ ደግሞ በምሳ ሰዓት ከሌላው በሽታ ሁሉ በላይ የሚወራው እሱ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በየሰፈሩ የምትረግጡትን ኮብልስቶን እየጠረብን የምንኖር ሰዎች ብዙ ነን፤ የእጃችንን ነገር የሚጽፍልን ግን ስላጣሁ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የምለው አንድ ነገር ነው። በጉልበቱ የሚያድር ሰው “እጄ ደነዘዘ” ብሎ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ከመርፌው በፊት ስለ ሥራው ይጠየቅ።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ባዛልት የሚባለው ጠንካራ ድንጋይ ከድንጋይ ካባ በመኪና ይመጣና ሜዳ ላይ ይገለበጣል። ጠራቢው መሬት ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፎ ይቀመጣል። ድንጋዩን በሁለት እግሩ መሃል ያስገባል። በግራ እጁ መሮውን፣ በቀኙ መዶሻውን ይይዛል። ከዚያ ጎን ጎኑን እየጠረበ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ኩብ ያወጣለታል። አንዱ ድንጋይ ገር ነው፤ በጥቂት ምት ይታዘዛል። ሌላው እልኸኛ ነው፤ ተመትቶ ተመትቶ በመጨረሻ በማይፈለግበት በኩል ይሰነጠቃል። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም የሚከፈለን በፍሬ ነው። ያላለቀ ድንጋይ አይቆጠርም። ስለዚህ ማንም ሰው እጁን ለማሳረፍ ብሎ አይቆምም። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ዕረፍት ማለት የጎደለ ገንዘብ ነው።

ሰው ሁሉ የሚደክመው መዶሻ የያዘው እጅ ይመስለዋል። እሱማ ይደክማል፤ ትከሻውም ክንዱም ይዝላል። ቀድሞ የሚደነዝዘው ግን ብዙ ጊዜ መሮ የያዘው ግራ እጅ ነው። ብረቱ በተመታ ቁጥር ንዝረቱ በመዳፍ በኩል ነው የሚያልፈው። መሮው እንዳይንሸራተት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጨምቀህ መያዝ አለብህ። ማታ ቤት ስትገባ ጣቶችህ የራስህ አይመስሉህም። ፊትህን ስትታጠብ ውኃው ሞቅ ያለ ይሁን ቀዝቃዛ በእጅህ አታውቀውም። የቡና ሲኒ ስትቀበል ዓይንህን እጅህ ላይ ማድረግ አለብህ፤ አለዚያ ይወድቃል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ራሱ ሥራ ይሆናል።

ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅህ እየወረረህና እየነዘረህ ትነቃለህ። ከብርድ ልብሱ አውጥተህ ታራግፈዋለህ። ትንሽ ይለቅሃል። ተመልሰህ ትተኛለህ፣ እንደገና ይቀሰቅስሃል። ከእኛ ጋር ድንጋይ የምታመላልስና አልፎ አልፎም የምትጠርብ አንዲት እህት አለች። ሌሊት ሕፃኗን ለማጥባት ስትነሳ እጇ እስኪመለስላት ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ልጁ እያለቀሰ። ይህን ስትነግረን ማንም አልተገረመም። ሁላችንም ስለምናውቀው ነው።

አሁን ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መጀመሪያ “ብርድ ነው” ይባላል። የደብረ ብርሃንን ኅዳርና ታኅሣሥ ለሚያውቅ ነገሩ እውነት ይመስላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ፣ መሮው ራሱ በረዶ ሆኖ ነው የምንጀምረው። እናም ሰዉ ቅባት ይገዛል፣ እጁን በሙቅ ውኃና በጨው ይዘፈዝፋል። ካልተሻለው ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ወጌሻ ለወለምታ ስንቱን የረዳ ባለሙያ ነው፣ አልነቅፍም። የታፈነ ነርቭ ግን ታሽቶ አይለቀቅም። የእጅ አንጓን ጠምዝዞ ማሸት እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ታሽቶ በመጣ ማግስት መሮ መጨበጥ አቅቶት ዋለ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እኔም ሄጃለሁ። የት እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፣ ሰዎቹ በሥራ ብዛት የተወጠሩ ናቸው። “ነርቭ ነው” ተባልኩ። የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ፣ የሚዋጥ ቫይታሚንም ተሰጠኝ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፣ ደም ግፊቴን ለኩኝ። ውሎዬን ግን የጠየቀ የለም። መዳፌ ላይ ያለው ሸንተረርና ጠንካራ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እየታየ ማለት ነው። መርፌው ሲያልቅ እጄ እንደነበረ ነበር፤ ብሩ ግን ሄዷል። ጓደኞቼም ያንኑ መርፌ በየተራ ተወግተዋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ላለበት ሰው መርፌው መድኃኒት ነው፣ እሱን አልክድም። በአንጓው ላይ ነርቩ ተጨምቆ ለደነዘዘበት ሰው ግን ጭመቱን አያነሳለትም።

ጥያቄውን የጠየቀኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የሄድኩት በወገብ ሕመም ነበር። እጄን ስጨብጠው መዳፌን ገልብጦ አየና “ሥራህ ምንድን ነው?” አለኝ። ነገርኩት። “መሮውን በየትኛው እጅ ነው የምትይዘው?” አለኝ። ከዚያ ወገቤን ትቶ ስለ እጄ አወራን። የነገረኝን እዚህ የማሰፍረው ለእኔ ብቻ መቅረት ስለሌለበት ነው።

ከክንድ ወደ መዳፍ የሚወርድ አንድ ዋና ነርቭ አንጓችን ላይ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። ከበታቹ አጥንት፣ ከላዩ ጠንካራ ጅማት አለ። ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችም በዚያው ቀዳዳ አብረውት ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ጨምቀህ ስትይዝና አንጓህን አጥፈህ ስትመታ ጅማቶቹ ያብጣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚጎዳው ነርቩ ነው። ውኃ የሚያስተላልፍ ላስቲክ ላይ ሰው ሲቆምበት እንደሚሆነው ነው። የዚህ ነርቭ ምልክት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ላይ ይታያል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ከሆኑ የደነዘዙት ግን ነርቩ ሌላ ነው። እሱ በክርናችን በኩል ዞሮ የሚመጣው፣ ክርናችን ሲመታ እስከ ጣታችን የሚነዝረን ነው። በመዳፍ ግርጌ መሮ ወይም መዶሻ ሲገፋ፣ ወይም ክርን ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲውል ይጎዳል። ስለዚህ የትኛው ጣት እንደደነዘዘ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። “እጄ በሙሉ” ከማለት በፊት ጣትን በጣት መለየት ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገርም አሳየኝ። ሁለቱን እጆች ደረት ፊት አድርጎ፣ ጣቶቹን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ የመዳፎቹን ጀርባ ከጀርባ ማጋጠም ነው። እንዲያ አድርጎ 1 ደቂቃ መቆየት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከአውራ ጣት እስከ መሃል ጣት መውረርና መደንዘዝ ከጀመረ ነርቩ አንጓ ላይ መጨመቁን ያመለክታል። ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ለመሄድ ግን በቂ ምክንያት ነው። እኔ ላይ ደቂቃው ሳይሞላ ነው የጀመረው።

ሌላም አሳየኝ፤ ይሄኛው ነው ያስፈራኝ። ከአውራ ጣት ሥር መዳፍ ላይ ጉብ ያለች ሥጋ አለች። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጨመቀ ያቺ ሥጋ ትከሳለች፣ ቦታው ጎድጎድ ይላል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ነርቩ ቢለቀቅም ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ወደ ሥራ ተመልሼ የእያንዳንዱን ሰው መዳፍ አየሁ። በዕድሜ ገፋ ካሉት ጠራቢዎች መሃል የአንድ አባት ግራ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኗል። እሳቸው “እርጅና ነው” ነበር የሚሉት። ቀኝ እጃቸው ግን አላረጀም።

ዲግሪዬ በታሪክ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ “ተመራቂ ኮብልስቶን ይጠርባል?” እየተባለ አገር በሚከራከርበት ዘመን ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት። ሥራውን አከብረዋለሁ፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ማንበብ ግን አልተውኩም፤ ስለ እጃችንም ድሮ የተጻፈውን ፈለግሁ። በ1700 እ.ኤ.አ. ግድም ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው የተለመዱ ጥያቄዎች ላይ “ሥራህ ምንድን ነው?” የሚለው እንዲጨመር ያሳሰበው እሱ ነው። ከ300 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሊስ ሐሚልተን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ኢንዲያና ግዛት፣ ቤድፎርድ ከተማ ሄዳ ድንጋይ ጠራቢዎችን መረመረች። በአየር ግፊት መዶሻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በቀዝቃዛ ጠዋት ጣቶቻቸው እንደ ሞተ ሰው ነጭ እየሆኑ ይደነዝዙ ነበር። ይበልጥ የተጎዳውም መሮ የያዘው ግራ እጃቸው ነበር። ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ግራ እጄን አየሁት። አገሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፤ እጁ ያው።

የእኛ መዶሻ የእጅ ነው፣ ንዝረቱ ከአየር መዶሻው ያንሳል። አሁን ግን በየከተማው አስፋልት የሚሰብሩ፣ በግራይንደር ድንጋይ የሚቆርጡ ወጣቶች በዝተዋል። እነሱ የያዙት ማሽን ልክ እንደዚያው የሚያንቀጠቅጥ ነው። ጣት በብርድ ነጭ መሆን ከጀመረ የደም ሥሩም ተነክቷል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ገና ሃያ ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ከእኛ ብዙዎቹ ተቀጣሪ አይደለንም። በማህበር ተደራጅተን የምንሠራ ነን። ኮንትራት የሰጠን አካል “እናንተ የራሳችሁ ባለቤቶች ናችሁ” ይለናል። ማህበሩ ደግሞ ብር የለውም፤ ያገኘውን ለአባላቱ ያከፋፍላል። ጓንቱ በሁለቱ መሃል ይቀራል። የጨረታ ሰነድ ላይ የድንጋዩ ስፋት በሴንቲ ሜትር ይጻፋል፤ የጠራቢው ጓንት የሚባል ነገር ግን እኔ በሠራሁባቸው ኮንትራቶች ላይ አላየሁም። ለጓንት፣ ለዓይን መነጽርና ለአፍንጫ መሸፈኛ የሚሆን ሂሳብ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ቢጻፍ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። የድንጋዩ ብናኝ ለሳንባ ስለሚያደርገው ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

ገንዘብ እስኪመደብ ግን አልጠበቅንም። በእኛ ቡድን የለወጥናቸው ነገሮች አሉ። መሮው ላይ፣ እጅ በሚይዝበት ቦታ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን ጠቅልለንበታል። ወፈር ስለሚል መጨመቅ አያስፈልግም፣ ንዝረቱንም ይቀንሳል። ብርዱም በቀጥታ ወደ እጅ አይገባም። መሮ ሳይዶለዱም ቶሎ ቶሎ አንጥረኛ ጋ እንወስዳለን። ይህ ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል ብል አላጋነንኩም። የዶለዶመ መሮ ብዙ ምት ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ምት ደግሞ ወደ መዳፍ ነው የሚሄደው። ጠዋት እጃችንን ሳናሞቅ አንጀምርም። ጠረባና ማመላለስ እየተቀያየርን እንሠራለን። መጀመሪያ ላይ ክፍያው በፍሬ ስለሆነ ጭቅጭቅ ነበር። አሁን የቡድኑን አንድ ላይ ቆጥረን እኩል እንካፈላለን። አንዳንዱ አሁንም ያጉረመርማል፣ ፈጣን ጠራቢ መጎዳቱ እውነት ነውና። እኔ ግን ፈጣኑ ጠራቢ እጁ ካለቀ ገንዘቡ ከየት ይመጣለታል እላለሁ።

ለሌሊቱ ደግሞ ባለሙያው የመከረኝ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ነው። ስንተኛ ሳናውቀው አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ነርቩ ይበልጥ ይጨመቃል። የተዘጋጀውን ለመግዛት ላልቻለ ሰው ስስና ለስላሳ ጣውላ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደም እንዳይዘጋ አላልቶ ማሰር ይቻላል። ያ ድጋፍ ብቻውን እንቅልፍ መለሰልኝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለማይሻለው ሐኪም አንጓው ላይ የሚሰጠው መርፌ አለ። ቀዶ ሕክምናም አለ፤ በማደንዘዣ እጁ ብቻ ደንዝዞ፣ ነርቩን የሚጫነው ጅማት ተቆርጦ ይለቀቃል። ሰዉ ቀዶ ሕክምና ሲባል ይሸሻል። ሥጋው ከስቶ ከመቅረቱ በፊት ቢደረግ ግን እጅ የሚያድን ነገር ነው።

ሁሉም የእጅ መደንዘዝ ከድንጋይ ነው ማለቴ አይደለም። እጅና እግር አብረው፣ በሁለቱም ጎን ከደነዘዙ ስኳር ይመርመሩ፣ ቢ12ም ይታይ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እጅ እግሬ ይወረኛል ካለ ቶሎ ይንገር፤ አብሮ የሚሰጥ ቫይታሚን ቢ6 አለ። ነፍሰ ጡር ሴቶችም እጃቸው ይደነዝዛል፣ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃቸዋል። ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው በነፃ የሚሰጥ፣ የሚድን በሽታ ነው፤ ማፈርና መደበቅ ነው ጣት የሚያሳጣው። በድንገት አንድ ጎን ደንዝዞ ፊት ከተጣመመ ወይም አፍ ከተያዘ ግን አንድ ደቂቃ ሳይጠፋ ሆስፒታል ነው።

ድንጋይ ጠራቢ ብቻም አይደለም። አባቴ ገብስ በሚያጭድበት ወቅት ማታ ማታ እጁን እሳት ላይ ይዞ ጣቶቹን ሲያፍታታ እያየሁ ነው ያደግኩት። ማጭድ ይዞ ከጧት እስከ ማታ የሚውል ገበሬ፣ እንጨት ፈላጭ፣ በኮረኮንች መንገድ ሞተርና ብስክሌት የሚነዳ፣ ሁሉም ይህን ያውቀዋል። ዕረፍት ሲያገኝ የሚለቅ ከሆነ ገና ነው፤ ሥራ ባልተሠራበት ቀንም ካልለቀቀ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ፣ ለሐኪም መታየት አለበት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣው እንዲያደርግልኝ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ የነርቭ ሐኪም ጋብዛችሁ እኔ በተራ ሰው አቅሜ የጻፍኩትን በባለሙያ አንደበት አስረዱልን፤ የተሳሳትኩት ካለ ይታረም። ሁለተኛ፣ ጥያቄዬን ለጤና ሚኒስቴር አድርሱልኝ። የጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ስምና ዕድሜ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ከጎኑ ሥራ የሚጻፍበት መስመር ይኑር፣ ካለም ባዶ አይተው። ሦስተኛ፣ ለከተማ አስተዳደሮች። የኮብልስቶን ጨረታ ስታወጡ የጓንቱን ሂሳብ ዋጋው ውስጥ ጻፉት።

በእኛ በኩል የምንሠራባቸውን መሮዎች፣ የጠቀለልነውን ላስቲክና የምንለዋወጥበትን አሠራር ማየት የሚፈልግ ማህበር ካለ ደስ ብሎን እናሳያለን። ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ ሜዳው ላይ አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ድንጋይ ጠራቢ አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን